አንድ ቅሬታ በሁለት መዝገብ፤ የትኛው ይታመናል?

እንበልና አንድ የውሃ ፓምፕ አስመጪ ድርጅት አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ አዳማና ሐዋሳ፣ አቅራቢው ደግሞ ቻይና ነው። መቂ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ደንበኛ የገዛው ፓምፕ በሦስተኛው ሳምንት ቀጥ ይልበታል። ደንበኛው ይደውላል፤ የአዳማው ሠራተኛ ቅሬታውን በኮምፒዩተር ይመዘግብና ቁጥር ይሰጠዋል፤ 412። ጉዳዩ የዋስትና ስለሆነ ወደ አቅራቢውም መተላለፍ አለበት። አቅራቢው የራሱ መዝገብ አለው፤ በዚያ በኩል ቁጥሩ 88031 ይሆናል። ከአሥር ቀን በኋላ የአቅራቢው ቴክኒሽያን መለዋወጫውን በአውሮፕላን ይጭንና «ተፈትቷል» የሚል ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ አዲስ አበባ ሲደርስ «ተዘግቷል» ተብሎ ይተረጎማል። ለደንበኛውም «ቅሬታዎ መፍትሔ አግኝቷል፤ እናመሰግናለን» የሚል የስልክ መልእክት በራሱ ጊዜ ይላካል። መለዋወጫው ገና ጉምሩክ ነው። ሽንኩርቱ ውሃ ካየ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

የአዲስ አበባው ሠራተኛ ነገሩን ደርሶበት ጉዳዩን እንደገና ሊከፍት ቢሞክር በእሱ በኩል ይከፈትለታል። የአቅራቢው ሥርዓት የተዘጋን ጉዳይ መልሶ የማይከፍት ዓይነት ከሆነ ግን ጥያቄው ሳይሰማ ይቀራል። ሁለቱ መዝገቦች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተለያዩ ማለት ነው፤ አንዱ «ክፍት» ይላል፣ ሌላው «ያለቀለት» ይላል። በውሉ ላይ የዋስትና ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ውድቅ ነው የሚል አንቀጽ ካለ፣ አቅራቢው «የቀረበው ጥያቄ ተዘግቷል፤ ሌላ በጊዜው አልመጣም» ለማለት መዝገቡን ማሳየት ብቻ ይበቃዋል። በሠላሳ አንደኛው ቀን የፓምፑ ዋጋ የማን ዕዳ እንደሚሆን ለነጋዴ መንገር አያሻም።

ምሳሌው ግምታዊ ነው፤ ችግሩ ግን የብዙዎች ነው። ባንክ ከክፍያ ማሽን አቅራቢው ጋር፣ ዕቃ አስተላላፊ ከመርከብ ድርጅቱ ጋር፣ ሆቴል ከክፍል አስያዥ ወኪሉ ጋር ሲሠራ እያንዳንዱ በየራሱ መዝገብ ነው። በመሆኑም የዛሬው ትምህርታችን ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ስለ አንድ ጉዳይ ተናበው የሚኖሩበትን መንገድ ይመለከታል።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ትኬት ሲሉ የአውቶቡሱን ማለታቸው አይደለም። አንድ ቅሬታ፣ የጥገና ጥያቄ ወይም የሥራ ትእዛዝ ቁጥር ተሰጥቶት ከተመዘገበበት ጊዜ አንሥቶ እስኪያልቅ ድረስ የሚሄድበት ቅጽ ነው። እነዚህ መዝገቦች አስቀድመው የተስፋፉት በሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ ሲሆን፣ ቡግዚላ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1998 ከአሜሪካው ኔትስኬፕ ኩባንያ ወጣ፤ ጂራ የሚባለውን ደግሞ የአውስትራሊያው አትላሲያን በ2002 ለገበያ አቀረበ። (ጂራ የሚለው ስም ጎጂራ ከተባለው የጃፓን ፊልም አውሬ ስም ተቆርጦ የወጣ ነው፤ በቡግዚላ ስም ላይ የተቀለደ ቀልድ መሆኑ ነው።)

ለነጋዴ የሚቀርበው ንጽጽር የደረሰኝ ጥራዝ ነው። ዋናው ለደንበኛው ይሄዳል፣ ቀሪው በጥራዙ ይቀራል። በካርቦን የተጻፈ ቀሪ ከዋናው ሊለይ አይችልም፤ ሁለቱንም የጻፈው አንድ እስክሪብቶ ነውና። በሁለት ሥርዓት ውስጥ ግን ሁለት እስክሪብቶ አለ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይጽፋሉ። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ስም ሳይሆን ቁጥር

የአዲስ አበባው 412 እና የቻይናው 88031 አንድ ጉዳይ መሆናቸውን የሚያውቅ አካል መኖር አለበት። ብዙ ድርጅቶች እዚህ ላይ ስንፍና ያጠቃቸዋል፤ «በደንበኛው ስምና በዕቃው ዓይነት እናገናኘዋለን» ይላሉ። በአገራችን ሁኔታ ይህ አደገኛ ነው። ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ ብለው ቢጽፉ ለአንባቢ ዓይን አንድ ሰው ናት። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ሦስት የተለያዩ ሴቶች ይሆናሉ። ስሙ ለውጭው አቅራቢ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ነው። ያው ደንበኛ ሁለት ፓምፕ ገዝቶ ሁለቱም የተበላሹበት ዕለት የሚሆነውን ማሰብ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ቁጥር በራሱ ትኬት ላይ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከዚያም በላይ በመካከል አንድ የማዛመጃ መዝገብ ይኑር፤ «412 ማለት 88031 ነው» የሚል። ቁጥር ሲለወጥም የቀድሞው አይጣል። ለአብነት ያህል የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ከቀድሞ መዝገባቸው ወደ ጊትሐብ ሲዛወሩ ጉዳዮቹ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው። ይሁንና አሮጌው መዝገብ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ ከእያንዳንዱ አሮጌ ጉዳይም ወደ አዲሱ የሚያመራ ማያያዣ ተደረገለት። ከዓመታት በፊት በተጻፈ ደብዳቤ ላይ የተጠቀሰ ቁጥር ዛሬም ባለቤቱን ያገኛል።

ይህ የማዛመጃ መዝገብ ቁጥር ብቻ ይዞ ከቀረ ግማሽ ሥራ ነው። ሁለቱ ወገኖች ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙበትን መልክ ቅጂ መያዝ አለበት። ምክንያቱን እንመልከት። ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ «አስቸኳይ»፣ ቻይና ደግሞ «መደበኛ» ብሎ ተገኘ እንበል። የተለወጠው የትኛው ነው? ሁለቱን ብቻ በማየት ማወቅ አይቻልም። ትናንት ማታ ሁለቱም «መደበኛ» ብለው ተስማምተው እንደነበር የሚናገር ሦስተኛ ቅጂ ካለ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባ አሳድጎታል፣ ቻይና ገና አልሰማም። ያለዚህ ቅጂ የሚሠራ ማመሳሰያ አዲሱን በአሮጌው ሊሽረው ይችላል። የሒሳብ ሰዎች ባለፈው ወር የታረቀውን ሚዛን ሳይይዙ የዚህን ወር አይጀምሩም፤ ነገሩ ከዚያ የራቀ አይደለም።

«ተፈትቷል» ማለት ምን ማለት ነው?

የፓምፑን ባለቤት የጎዳው ቁጥር ሳይሆን ቃል ነው። በየሥርዓቱ የጉዳይ ደረጃዎች አንድ አይደሉም። በጊትሐብ አንድ ጉዳይ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ፤ ከ2022 ወዲህ የተዘጋው ተጠናቆ ይሁን ሊሠራ ስላልታሰበ መለየት ተችሏል። ቡግዚላ ግን ያልተረጋገጠ፣ አዲስ፣ ለባለሙያ የተመራ፣ የተፈታ፣ የተረጋገጠ እያለ ይደረድራል። የተፈታውንም ተስተካክሏል፣ ስህተት አይደለም፣ አናስተካክለውም፣ ድግግሞሽ ነው፣ እኛ ዘንድ ይሠራል እያለ ይከፋፍለዋል። በጂራ ደግሞ እያንዳንዱ ድርጅት ደረጃዎቹን እንዳሻው ይሰይማል።

ከአምስት ደረጃ ወደ ሁለት መውረድ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መመለሱ ነው። «አናስተካክለውም» የተባለው ጉዳይ በወዲያኛው ሥርዓት «ዝግ» ይሆናል። ያ «ዝግ» ተመልሶ ሲመጣ ግን ከአምስቱ የትኛው ይሁን? ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም የመጀመሪያውን ይመርጥና «ተስተካክሏል» ብሎ ይጽፋል። ደንበኛው እምቢ የተባለው ነገር በወረቀት ላይ የተሠራለት ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም ሁለት ደንቦች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ የሌላው ወገን ዋና ቃል ሳይተረጎም በራሱ ዓምድ ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ የመጣው ደረጃ ከያዝነው ዝርዝር ደረጃ ጋር የማይጋጭ ከሆነ ዝርዝሩ እንዳለ ይቆይ።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «ተፈትቷል» የባለሙያ ቃል ነው፤ «ተዘግቷል» ደግሞ የደንበኛ ቃል ነው። ቴክኒሽያኑ የበኩሉን መጨረሱን ሊናገር ይችላል፤ ፓምፑ ውሃ መግፋቱን የሚያውቀው ግን መቂ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የአቅራቢው «ተፈትቷል» ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ «የደንበኛ ማረጋገጫ በመጠበቅ ላይ» መባል ነበረበት። ለደንበኛው በራሱ የሚላከው የምስጋና መልእክትም ከውጭ በመጣ ምልክት ሳይሆን በራሱ በድርጅቱ ሠራተኛ ውሳኔ ብቻ መላክ አለበት።

የተዘጋ ጉዳይ መልሶ የማይከፈት መሆኑም ተረት አይደለም። ዜንዴስክ በሚባለው ስመ ጥር የደንበኛ አገልግሎት ሶፍትዌር «የተፈታ» ትኬት ሊከፈት ይችላል፤ «የተዘጋ» ግን አይከፈትም። የተፈታው ደግሞ ቢበዛ በ28 ቀን ውስጥ በራሱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው መልስ ቢጽፍ አዲስ ቁጥር ያለው ተከታይ ትኬት ይወለዳል። የማዛመጃ መዝገቡ ይህን አዲስ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ካላያያዘ 412 እናት የሌለው ልጅ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ባለቤት

ሁለቱም ወገን ሁሉንም ነገር እንዲለውጥ መፍቀድ የጠብ መነሻ ነው። የደንበኛው ስልክ፣ አድራሻና የጉዳዩ አስቸኳይነት የአዲስ አበባ ይሁን፤ ቻይና ይየው እንጂ አይንካው። የብልሽቱ ምርመራ ውጤት፣ የመለዋወጫው ቁጥርና የጭነቱ ቁጥር የአቅራቢው ይሁን። ክርክር የሚበዛበት የጉዳዩ ደረጃ ሲሆን፣ እሱን ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ «በአቅራቢው በኩል ያለበት» እና «በእኛ በኩል ያለበት»። ይህ ክፍፍል ከውሉ ጋር በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢያያዝ ከብዙ ሶፍትዌር የበለጠ ይረዳል።

የሶፍትዌር ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ቀላል መንገድ «የመጨረሻው ጸሐፊ ያሸንፋል» የሚል ነው። የመጨረሻውን ግን በምን እናውቃለን? በየማሽኑ ሰዓት ከሆነ አያስተማምንም። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ በተራራቁ ማሽኖች መካከል የድርጊቶችን ቅደም ተከተል በሰዓት ፈንታ በተራ ቁጥር መያዝ እንደሚቻል አሳይቷል። ለእኛ የሚበቃን ይህ ነው፤ ትኬቱ በተለወጠ ቁጥር አንድ የሚጨምር የእትም ቁጥር ይኑረው። በእትም 6 ላይ ተመሥርቶ የተላከ ለውጥ ትኬቱ እትም 7 ላይ ደርሶ ከጠበቀው ይመለስ፤ ሰው ይየው።

የእኛ ሰዓት፣ የእነሱ ሰዓት

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሡት፣ ለእኛ ግን ትልቅ የሆነ ጉዳይ ይህ ነው። የአዳማው ሠራተኛ 03/04/2017 ብሎ ጻፈ እንበል። እሱ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ይውላል። የውጭው ማሽን ግን ኤፕሪል 3 ወይም ማርች 4 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ። የዋስትናው ጊዜ በራሱ የሚሰላ ከሆነ ፓምፑ ገና ሳይሸጥ ዋስትናው አለቀ ይላል። ጳጉሜ ውስጥ የተጻፈ ቀን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጭራሽ አልቀበልም ሊል ይችላል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የደረሰ ቅሬታ በውጭው ሥርዓት «3፡00» ተብሎ ከገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። አቅራቢው «በአራት ሰዓት ውስጥ መልስ እሰጣለሁ» ብሎ የፈረመ ከሆነ ስድስት ሰዓት የተበላበት መስሎት ይከራከራል። መፍትሔው አንድ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው ዩቲሲ የሚባለው የዓለም ሰዓትና የአውሮፓውያኑ ቀን ብቻ ይሁን። እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ዓመቱን ሙሉም አይለወጥም። የኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት በስክሪኑ ላይ ለሠራተኛውና ለደንበኛው ሲታይ ብቻ ይቀየር። ቻይናና የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሰዓታቸውን አይለውጡም፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጋር የሚሠራ ግን እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚለውጡ ያስታውስ።

የገደል ማሚቶ

አዲስ አበባ አንድ አስተያየት ይጽፋል፤ ማመሳሰያው ወደ ቻይና ይወስደዋል። የቻይናው ሥርዓት «አዲስ ለውጥ አለ» ብሎ ያሳውቃል፤ ማመሳሰያው ያንኑ አስተያየት መልሶ ወደ አዲስ አበባ ያመጣዋል። አዲስ አበባም «አዲስ ለውጥ አለ» ይላል… እንዲህ እያለ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ሊባዛ ይችላል። ይህን ለመከላከል ማመሳሰያው በሁለቱም በኩል የራሱ የተጠቃሚ ስም ይኑረው፤ በራሱ ስም የተጻፈን ነገር ዳግመኛ አይሸከም። ከመጻፉ በፊትም የሚጽፈው ነገር እዚያ ካለው የተለየ መሆኑን ይመልከት።

ሌላው ድግግሞሽ ከኔትወርክ መቆራረጥ የሚመጣ ነው። በስልክ ገንዘብ ልከው «አልተሳካም» ቢልዎት ሒሳብዎን ሳያዩ ዳግመኛ አይልኩም፤ የተቋረጠው መላኩ ሳይሆን መልሱ ሊሆን ይችላልና። ማመሳሰያውም እንዲሁ ማሰብ አለበት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የማይደገም መለያ ይስጥ፤ ተቀባዩም ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አዲስ ትኬት ከመክፈት ይልቅ የቀድሞውን ቁጥር ይመልስ። ተቃራኒውም አለ፤ መልእክት ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ ጊትሐብ ለውጥ ሲኖር ወደ ሌላ ሥርዓት ማሳወቂያ ይልካል፤ ማሳወቂያው ሳይደርስ ቢቀር ግን በራሱ መልሶ አይልክም። ስለሆነም ማሳወቂያን ብቻ መጠበቅ አይበቃም፤ በየጊዜው ሄዶ «ከዚህ ሰዓት ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ ስጠኝ» ማለት ያስፈልጋል።

ተያያዥ ፎቶግራፎችና ሰነዶች ብዙ አያስቸግሩም፤ መጠናቸው ብቻ ይታይ። የውስጥ ማስታወሻ ግን የነጋዴ ምስጢር ነው። ብዙዎቹ ሥርዓቶች ለደንበኛ የሚታየውን መልስና ሠራተኞች እርስ በርስ የሚጻጻፉትን ይለያሉ። ማመሳሰያው ይህን ልዩነት ካላወቀ «በ60 በመቶ ካካሱን እንስማማ» የሚለው የሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ በቀጥታ አቅራቢው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ደንቡ አጭር ነው፤ «ይተላለፍ» ተብሎ በግልጽ ካልተመለከተበት በቀር ማንኛውም ማስታወሻ ከቤት አይውጣ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልዩነት መፈጠሩ አይቀርም። የባንክ ሰዎች በውጭ አገር ባንክ ያላቸውን ሒሳብ በራሳቸው መዝገብ ያንጸባርቁታል፤ ከዚያም ከውጭው መግለጫ ጋር መስመር በመስመር ያስታርቁታል። ለትኬትም ይኸው ይሠራል። በየሌሊቱ የሁለቱም ወገን ክፍት ጉዳዮች ዝርዝር ይውጣ። ጥንድ የሌላቸው፣ ደረጃቸው የሚጋጭና ከአንድ ሰዓት በላይ በመንገድ ላይ የቆዩት ይለዩ። ጠዋት ዝርዝሩን የሚያይ ሰው በስሙ ይመደብ፤ «ክፍሉ ያየዋል» የተባለ ነገር ማንም አያየውም። ለወራት ልዩነቱ ዜሮ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ሪፖርቱ ራሱ መሥራቱ ይፈተሽ።

ሁሉም ድርጅት ይህን መግዛት አለበት ማለት አይደለም። በሳምንት አሥራ አምስትና ሃያ ጉዳይ ብቻ ወደ አቅራቢው የሚልክ አስመጪ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ በእጁ እየገለበጠ ቢያስተላልፍ ይረክሳል፤ ስህተቱም ይቀንሳል። ለመግዛት የቆረጠ ግን ሻጩን በንግግር ሳይሆን በሥራ ይፈትነው። ሁለቱ ሥርዓቶች ተገናኝተው ሳለ የኔትወርኩን ገመድ ይንቀሉ። በዚህ በኩል የአንዱን ትኬት አስቸኳይነት ይለውጡ፤ በዚያ በኩል ያንኑ ትኬት ያስዘጉ፤ አንድ አዲስ ትኬትም ይክፈቱ፤ አንድ የውስጥ ማስታወሻ ይጻፉ። ገመዱን መልሰው ይሰኩና ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። አዲሱ ትኬት በወዲያ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ መታየቱን፣ ማስታወሻው አለመሻገሩን፣ የተጋጨው ጉዳይም ለሰው ውሳኔ ተለይቶ መቀመጡን ይመልከቱ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ሙከራ በፊት ባይፈጸም ይመረጣል።